ያሸነፈም ይከፍላል

በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ የተሸነፈ ይከፍላል። ሕጉ የትም አልተጻፈም፤ ግን ጆይስቲክ መያዝ የሚችል ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታል፣ የተሸነፈው ሂሳቡን ለባለቤቱ ሰጥቶ ይነሳል፣ ያሸነፈው ጆይስቲኩን እንደያዘ ቀጣዩን ተረኛ ይጠብቃል። ጎበዝ ከሆንክ ሳንቲም ሳታወጣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያው ትውላለህ። እኔ ጎበዝ አልነበርኩም። የዚያን ቤት ኪራይ በከፊል የከፈልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቤቱ ሳሪስ ነበር። የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ማሽኖቹ ቺፕ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ሲዲዎቹ በሙሉ ኮፒ፣ ስማቸው በማርከር የተጻፈባቸው። ከሁሉም በላይ የሚሽከረከረው ኮናሚ በ2006 ያወጣው ፔስ 6 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከእኔ ዕድሜ ሰዎች ብዙዎቹ ብራዚላዊውን አድሪያኖን ያወቁት በሜዳ ሳይሆን በዚያ ጌም ነው። የምቱ ኃይል 99 ነበር፤ እሱ እግር ስር ኳስ ከገባች በረኛው የሚቀረው ማዘን ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ኢንተር ሚላንን መምረጥ ራሱ ክልክል ይሆን ነበር።

ጌሙ ግን የብዙ ክለቦች ስም አልነበረውም። ኮናሚ የአብዛኞቹን የእንግሊዝ ክለቦች ፈቃድ ስላልገዛ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ይባሉ ነበር። አንድ የሰፈራችን ትልቅ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ኤዲት የሚደረግበት ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ስሞቹን አንድ በአንድ አስተካከላቸው፤ ከዚያም 8 ሜጋባይት በምትይዝ ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ አደረጋቸው። ሊቨርፑል አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ባለቤቱ ማታ ማታ ቤቱን ሲዘጋ ቴሌቪዥኖቹን ትቶ ያቺን ካርድ ነቅሎ ኪሱ ይከታት ነበር።

ይህን የማወራው ትዝታ ሊያስተክዛችሁ ብዬ አይደለም። ስለ ጌም ኢንዱስትሪው የሚጻፈው ሁሉ ስለ ቢሊዮን ዶላርና ስለ ግራፊክስ በሆነበት ጊዜ ያቺ ካርድ ምን እንደተቀየረ ከሪፖርቶቹ በተሻለ ታሳየኛለች። ያ ቤት ውስጥ ጌሙ ሙሉ ነበር፤ የጎደለውን ደግሞ ራሳችን ሞላነው፣ የሞላነውም እኛው ጋ ቀረ። ባለቤቱ ያስከፈለን ለሰዓቱና ለወንበሩ ነው። ኳሱ ውስጥ እጁን አላስገባም።

በሌላ በኩል ፊፋ ነበር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከ1993 ጀምሮ ያወጣው ተከታታይ ጌም እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ማሊያ፣ እውነተኛ ስታዲየም ነበረው። በእኛ ቤት ፔስ የሚጫወተው ኳስ የሚወድ፣ ፊፋ የሚጫወተው ማሊያ የሚወድ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ሳስበው ፍትሐዊ ፍርድ አልነበረም። ከ2010 ወዲህ ፊፋ በሜዳውም ፔስን በልጦታል፤ የተጫዋች አካል ክብደት፣ የኳሷ አነጣጠር፣ ሁሉም ተሻሽሏል። ዓለም ወደ ፊፋ መሄዱ ማታለል ብቻ አልነበረም።

ግን እውነተኛ ስም ኪራይ ነው፤ ኪራይ ደግሞ ቀን አለው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 እንደዘገበው የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ ለስሙ በየአራት ዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈልግ ነበር። በሜይ 2022 ሁለቱ መለያየታቸው ታወቀ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጌሙ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሎ ወጣ፤ በዚያው በሴፕቴምበር 2023 ፊፋ የሚል ስም ያላቸው የቀደሙት ጌሞች ከዲጂታል መደብሮች ወረዱ። አስቀድሞ የገዛቸው ሰው ዳውንሎድ ማድረግ ይችላል። አዲስ ሰው ግን መደብሩ ውስጥ አያገኛቸውም። የአሥር ዓመት የእግር ኳስ ጌም ታሪክ በአንድ ስም የተነሳ ከመደርደሪያ ሲወርድ ያለቀሰ አላየሁም፤ አዲሱ እየመጣ ነውና ማን ዞር ብሎ ያያል?

ፔስም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። ኮናሚም በኋላ ፈቃድ መግዛት ሲጀምር የእሱም ጌሞች ቀነ ገደብ አብረው ገዙ። ያ የሰፈራችን ልጅ በእጁ የጻፋቸው ስሞች ግን የማንም ኪራይ አልነበሩም። ፊደል የጎደለው ሊቨርፑል ውል የለውም።

ይህ ነገር ከኳስ ውጭም አለ፤ እንዲያውም የከፋው እዚያ ነው። ዩቢሶፍት በዲሴምበር 2014 «ዘ ክሩ» የሚል የመኪና ጌም አወጣ። አሜሪካን በሙሉ ጨምቀው አንድ ካርታ ላይ አስቀመጧት፤ ከኒው ዮርክ ተነስተህ ሎስ አንጀለስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ትነዳለህ። ጌሙ ትልቅ ሥራ ነው አልልም። ታሪኩ የማይረባ የበቀል ታሪክ ነው፣ መኪኖቹም ሲታጠፉ ከባድ ናቸው። ግን ተልዕኮውን ሁሉ ትተህ ዝም ብለህ ስትነዳ ሌላ ነገር ይሆናል። ከተማው ያልቃል፣ እርሻ ይመጣል፣ በረዶ ይመጣል፣ ከዚያ በረሃ፤ መሸት ሲል ከፊትህ ያለው መብራት ብቻ ነው። የትም የማያደርስ መንገድ ላይ ያን ያህል ያቆየኝ ሌላ ጌም የለም።

በዲሴምበር 2023 ከሽያጭ ወረደ። በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ኩባንያው ምክንያት ብሎ የጠቀሰው የሰርቨር መሠረተ ልማትንና የፈቃድ ጉዳዮችን ነው። ብቻህን ብትነዳም ጌሙ ያለ ሰርቨር ስለማይነሳ፣ በካርቶን የታሸገ ሲዲ የገዛው ሰውም እጁ ላይ የቀረው ፕላስቲክ ነው። ቀጥሎ ከገዢዎቹ አካውንት ላይ ፈቃዱ ራሱ ተነሳ። ፊልም ከሲኒማ ሲወርድ ለምደናል፤ ይህ ግን ቤትህ ያለው ቅጂ መደርደሪያህ ላይ እንደተቀመጠ የሚሞትበት ነው።

ኮድ እየጻፍኩ እንደምተዳደር ሰው «ሰርቨሩ ስለተዘጋ ነው» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወዳደርበት ክፍል ሰርቨር ይፈልጋል፤ እሺ። አንድ ሰው ለብቻው በረሃ ውስጥ ሲነዳ ግን ሰርቨሩ ምን ይሠራል? የት እንደደረስክ ይመዘግባል፣ የትኛው መኪና የአንተ እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጣዩን ተልዕኮ ይከፍታል። ይህ ሁሉ ያቺ 8 ሜጋባይት ካርድ ትሠራው የነበረ ሥራ ነው። ወደ ሰርቨር የወሰደው የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን አንድ ስብሰባ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ማስረጃውን ያቀረበልን ደግሞ ያው ኩባንያ ነው፤ ቁጣው ከበረታ በኋላ በኦክቶበር 2025 ለ«ዘ ክሩ 2» ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚያስችል አሠራር ጨመረ። የመጀመሪያውን ጌም ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው ሰርቨሩን የሚተካ ፕሮግራም ጽፈው በዚያው ዓመት መልሰው አስነሱት። «ኖክአውት ሲቲ» የተባለውን ጌም የሠራው ስቱዲዮም በ2023 ሰርቨሩን ሲዘጋ ተጫዋቾች በራሳቸው ኮምፒውተር ሰርቨር እንዲከፍቱ የሚያስችል ቅጂ ትቶ ነው የሄደው። የሚቻል ነገር ነው።

ለምን እንደማይደረግም አውቃለሁ። ጌሙ ሲጀመር ሁሉም ሰው ለማስነሳት ይሯሯጣል፤ የሚዘጋበትን ቀን ኮድ ለመጻፍ ሦስት ወር የሚሰጥ ግን የለም። እኔ ራሴ በሠራሁባቸው ፕሮጀክቶች ለቀብር በጀት የሚይዝ ማኔጀር አላየሁም። ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ለማጭበርበር ይከብዳል፣ ለመቆጣጠር ይቀላል። ለመሸጥም ይቀላል፤ ነገሩ ወደ ኳሱ የሚመልሰን እዚህ ጋ ነው።

በ2009 ፊፋ 09 ላይ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ነገር ተጨመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተጫዋቾች በካርድ መልክ ታሽገው ይመጣሉ፤ እሽጉን በጨዋታ በምታገኘው ኮይን ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ትገዛለህ፤ ስትከፍተው ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። በጣም ተፈላጊ የሆኑት የመውጣት ዕድላቸው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ጌሙ ራሱ ይነግርሃል። ዓመቱን ሙሉ የገነባኸው ቡድን ደግሞ አዲሱ ጌም ሲወጣ አብሮህ አይሻገርም። ከዜሮ ትጀምራለህ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በማርች 2021 በተጠናቀቀው የሒሳብ ዓመቱ ከአልቲሜት ቲም ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ከጠቅላላ ገቢው 29 በመቶው ማለት ነው። ቤልጅየም በ2018 እንዲህ ያለውን የዕድል እሽግ ቁማር ነው ብላ ስለፈረጀችው ኩባንያው እዚያ አገር እሽጉን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ አቁሟል። ኔዘርላንድስም 10 ሚሊዮን ዩሮ ልትቀጣው ሞክራ ነበር፤ በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሰረዘው።

ቁማር ነው አይደለም የሚለውን ለሕግ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ጨዋታው ላይ የሚያደርገው ነው። በእኛ ቤት አሸናፊው አይከፍልም ነበር፤ ማሸነፍ ትርጉም ያገኘው ከዚያ ነው። በአልቲሜት ቲም የሚከፍለው ያሸነፈው ነው፤ የሚያሸንፈውም ስለከፈለ ነው ማለት ይቻላል (ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ጎበዝ ልጅ በደካማ ቡድን ሊያዋርድህ ይችላል)። ሜዳው ላይ ምንም ቢያሳምሩት ከኋላው ሱቅ እንዳለ እግርህ ያውቃል። ቡድንህ የተሰለፈው አብሮ ስለሚሄድ ሳይሆን የወጣልህ ስለወጣልህ ነው። አንድ እውነተኛ ክለብን ይዘህ፣ ድክመቱን አውቀህ፣ ያንኑ ድክመት ይዘህ የማሸነፍ ደስታ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ጥጉ አሁንም አለ፤ አዲስ ነገር ግን ብዙም አይጨመርበትም።

ፔስስ? ኮናሚ በ2021 ስሙን ቀይሮ «ኢፉትቦል» አለው፤ ነፃ አደረገው። በሴፕቴምበር 30 ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት የሚያስፈራ፣ ዳኛው የጠፋበት፣ የኳሱ ፍጥነት የተምታታ ነበር፤ ስቲም ላይ ያን ያህል የተሰደበ ጌም ጥቂት ነው፣ ኮናሚም ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። እኔን ያስቆጣኝ ግን ፊታቸው አልነበረም። ማስተር ሊግ አልነበረም። ካስቶሎንና ሚናንዳን ታስታውሳላችሁ? በዓለም ላይ የሌሉ፣ ኮናሚ የፈጠራቸው ደካማ ተጫዋቾች፤ እነሱን ይዘህ ከታች ትጀምርና ቀስ በቀስ ክለብ ትገነባ ነበር። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ። ነፃ የሆነው ጌም መጀመሪያ የተወው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ጋ የአክስቴ ልጅ ይቃወመኛል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኢፉትቦልን በስልኩ ነው የሚጫወተው። ባለፈው አንድ ላይ ስንጫወት 5 ለ 0 ገጠመኝ።

«ቡድንህ እኮ ደካማ ነው፤ አልሠራህበትም» አለኝ።

«ምን ልሥራበት?»

«ስፒን አታደርግም። በየቀኑ ገብተህ የሚሰጡህን መውሰድ አለብህ፤ ዝም ብሎ ኳስ ብቻ አይሆንም።»

እሱ አንድ ብር አውጥቶ አያውቅም። በየቀኑ ይገባል፣ ነፃውን ይወስዳል፣ ይጠብቃል። ኮንሶል ቤቱ ኖሮ አያውቅም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት የመሄጃ ገንዘብም ሁልጊዜ አያገኝም። ይህ «የተበላሸ» የምለው ሞዴል ባይኖር ኖሮ ጨርሶ አይጫወትም ነበር። ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የእኔ የወርቅ ዘመን የምለው ነገር የቆመው በተሰረቀ ሲዲ ላይ ነው፤ የእሱ የቆመው ኩባንያው ፈቅዶ በሰጠው ነገር ላይ ነው። ከሁለታችን ሕጋዊው ተጫዋች እሱ ነው።

ብቻ ያ «በየቀኑ መግባት» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። የከፈለው በብር አይደለም እንጂ ከፍሏል። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የሚከፍለው አለ፣ ማታ ዳታው ሊያልቅ ሲል የሚከፍለው አለ። ጨዋታ የቀጠሮ ሥራ ሆኗል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ሲልቨር ሌክና አፊኒቲ ፓርትነርስ ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸው ተነገረ። ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነው። ያን ብድር የሚከፍለው ማስተር ሊግን የመሰለ ነገር እንደማይሆን እገምታለሁ። እሽግ ነው የሚከፍለው።

እስካሁን ያወራሁት ቤቱ ውስጥ ስለገባ ሰው ነው። በሩ ራሱ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

«ሄልዳይቨርስ 2» በፌብሩዋሪ 2024 ሲወጣ በኮምፒውተር ለመጫወት የስቲም አካውንት በቂ ነበር። በሜይ መጀመሪያ ላይ ሶኒ ሁሉም ተጫዋች የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ማገናኘት አለበት አለ። ችግሩ ያ ኔትወርክ በይፋ የሚሠራው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው፤ ከእኛ አህጉር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ጌሙ በአንድ ጊዜ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ። የዓለም አብዛኛው ማለት ነው! ተጫዋቾች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መጥፎ አስተያየት ስቲም ላይ ሲከምሩ ሶኒ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አነሳ። ድል ተባለ። ነገር ግን የተሰረዘው ግዴታው እንጂ ዝርዝሩ አልነበረም፤ በብዙዎቹ አገሮች ጌሙ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ወደ ሽያጭ አልተመለሰም። በዚያው ዓመት «ጎድ ኦቭ ዋር ራግናሮክ» ለኮምፒውተር ሲወጣም ያው አካውንት ግዴታ ነበር፤ ሶኒ ለአንዳንድ ጌሞቹ ይህን ያላላው በ2025 ነው።

በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት እንደ ስድብ እንኳን አይሰማም። ማንም እኛን አስቦ አይደለም የከለከለን፤ አንድ ሰው ፎርም ላይ የአገሮች ዝርዝር ሲሠራ አልነበርንም፣ በቃ። እኔ ለምሳሌ ስሙን በማልጠራው አንድ መደብር ውስጥ የምኖረው አሜሪካ ነው። አድራሻው የአጎቴ ነው፣ ፖስታ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ከተማውን አይቼው አላውቅም። ሂሳብ የምሞላውም እሱ በቴሌግራም በሚልክልኝ የጊፍት ካርድ ቁጥር ነው። በውሉ መሠረት ውሸቴን ነው፤ አካውንቱን ቢዘጉት የምከራከርበት አፍ የለኝም። ለስምንት ዓመት የሰበሰብኩት ጌም ሁሉ በአጎቴ በር ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

«የሰበሰብኩት» ማለቴም ልክ አይደለም። በካሊፎርኒያ በ2024 ወጥቶ በ2025 የጸና ሕግ ዲጂታል መደብሮች ፈቃድ ብቻ እየሸጡ መሆኑን ሳይናገሩ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ስቲም ሕጉ ሳይጸና ገና በኦክቶበር 2024 የሚከፈልበት ገጽ ላይ ፈቃድ ነው የምትገዛው የሚል ማስታወሻ ለጠፈ። ብዙ ሰው ሲደነግጥ አየሁ። ስቲም ከ2003 ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ አዲሱ ነገር መናገሩ ነው።

ታዲያ የድሮዎቹን ማን ይይዛቸዋል? ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያውሱ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ የኢንዱስትሪው ማኅበር ተቃወመ፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤትም በኦክቶበር 2024 አልፈቀደም። አንድ የጥበብ ዘርፍ የራሱን ታሪክ ለማየት ሌባ መሆን ካስፈለገው የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

ሌባ ስል ራሴን ጨምሬ ነው። የሳሪሱ ቤት ሲዲዎች ለኮናሚ አንድ ሳንቲም አላስገቡም። ዛሬ የእኔ ኮድ በነፃ ቢወሰድ ምን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ፤ «ድሀ ነበርን» የሚለው ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ በሕጋዊ መንገድ ልንገዛው ብንፈልግ የሚሸጥልን አልነበረም። እነዚያ በማርከር የተጻፈባቸው ሲዲዎች ዛሬ ይሠራሉ። ፔስ 6ን በየትኛውም ዲጂታል መደብር ብትፈልጉት አታገኙትም፤ መርካቶ ግን ጠይቁ።

ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ዩቲዩበር «ዘ ክሩ» በተዘጋ ማግስት፣ በኤፕሪል 2024፣ «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ ሥርዓት የቀረበው ጥያቄ በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። የሚጠይቀው ብዙዎች እንደሚያወሩት ሰርቨር ለዘላለም ይብራ ማለት አይደለም፤ ስትዘጉ መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ትታችሁ ሂዱ ነው። የኩባንያዎቹ ማኅበር ወጪው አይቻልም ይላል። የወጡ ጌሞችን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ከባድ ነው፣ በዚህ እስማማለሁ፤ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ውስጡ የተሰካበት ሰርቨር እንዲሁ ለሕዝብ አይለቀቅም። ከመጀመሪያው ቀን ታስቦበት ለሚሠራ ጌም ግን ይህ ሰበብ አይሠራም። ከፍተኛ ወጪ የሚሆነው መጨረሻው እንዳለ እያወቁ እንደሌለ አድርገው ሲጽፉት ነው። እኛ ፊርማ ማኖር አንችልም፤ የአውሮፓ ዜጎች አይደለንም። ቢሳካ ግን ጥቅሙ እስከ ሳሪስ ይደርሳል፤ ያለ ሰርቨር የሚነሳ ጌም የት አገር እንዳለህ አይጠይቅህም።

ከ5 ለ 0ው በኋላ የአክስቴን ልጅ ቤቴ ጠርቼ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 አስቀመጥኩለት፤ ሜሞሪ ካርዷ ባዶ ነበረች። መጀመሪያ ስፒን የሚደረግበትን ቦታ ፈለገ። የለም አልኩት። ሁለት ጨዋታ አሸነፍኩት፤ ሦስተኛውን አድሪያኖን አግኝቶ ገጠመኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላሸነፍኩም። ግን ያዘው የነበረው ሌላ ነገር ነው።

«ለንደን ኤፍሲ ማነው?»

«ቼልሲ።»

«ታዲያ ለምን አይሉትም?»

ኤዲት የሚደረግበትን ገጽ አሳየሁት። ጆይስቲኩን ተቀብሎኝ በአራቷ ቀስት ፊደል እየመረጠ ስሙን ቀየረ። ከዚያ ተጫዋቾቹን ጀመረ፤ ላምፓርድን አጥፍቶ የዛሬዎቹን አስገባ፣ ፊታቸው አይመስልም እየሳቀ የፀጉር ቀለም መረጠላቸው። ሻይ አፍልቼ ስመጣ አንገቱን አላነሳም። ከሁለት ሰዓት በላይ ቼልሲ ላይ ብቻ ቆየ። ጨርሶ ወደ መርሲሳይድ ሬድ ሲገባ መብራት ሄደ።

ሴቭ አላደረገም ነበር።